የተዋጠው ቫዮሊን

«ቫዮሊንና ቼሎ በሮክ ሙዚቃ ውስጥ የሠርግ ቤት መጋረጃ ናቸው» አለኝ ሰሞኑን አንድ ሙዚቃ አዋቂ ወዳጄ። «ግድግዳ ያሳምራሉ እንጂ ቤት አያቆሙም።» ንግግሩ አበሳጨኝ። ያበሳጨኝ ግን ሐሰት ስለ ሆነ አይደለም፤ ግማሹ እውነት ስለ ሆነ ነው። ይህችን መጣጥፍ የምጽፈው ለቀረው ግማሽ ጥብቅና ለመቆም ነው። (ዘመኑን ሁሉ የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።)

አስቀድሜ የወዳጄን ድርሻ ልስጠው። በ1960ዎቹ መጨረሻ የእንግሊዝ ሮክ ተጫዋቾች ከሦስት ደቂቃ የፍቅር ዘፈን መውጣት ሲያምራቸው፣ በኋላ ፕሮግረሲቭ ሮክ የተባለውን ረጅምና ውስብስብ ሙዚቃ ሲጀምሩ፣ ዐይናቸው ያረፈው በኦርኬስትራ ላይ ነበር። ሙዲ ብሉዝ በ1967 ዘፈኖቻቸውን በኦርኬስትራ መሸጋገሪያ እያያያዙ አንድ ሙሉ አልበም አወጡ። ዲፕ ፐርፕል በ1969 ለንደን በሚገኘው ሮያል አልበርት አዳራሽ፣ ከሮያል ፊልሃርሞኒክ ኦርኬስትራ ጋር፣ ኦርጋን ተጫዋቻቸው ጆን ሎርድ የደረሰውን ኮንቸርቶ ተጫወቱ። ድፍረታቸውን አደንቃለሁ። ነገር ግን ሳዳምጠው ሁለቱ ወገኖች በአንድ ድግስ ላይ ጎን ለጎን የተቀመጡ፣ ገና ያልተግባቡ አማቾች ይመስሉኛል፤ አንዱ ሲናገር ሌላው በትሕትና ዝም ይላል፣ ተራው ሲደርስ ደግሞ ስለ ሌላ ጉዳይ ያወራል። መጋረጃ ማለት ይህ ከሆነ፣ እሺ፣ መጋረጃ ነው።

ሌላው ግማሽ የሚጀምረው ቫዮሊን ተጫዋቹ እንግድነቱ ቀርቶ ቤተኛ ሲሆን ነው። ከርቭድ ኤር የተባለው የእንግሊዝ ባንድ በ1970 የመጀመሪያ አልበሙን ሲያወጣ ዳሪል ዌይ ቫዮሊኑን ይዞ ከጊታሩ ጎን ቆሞ ነበር። ጣሊያን ውስጥ ማውሮ ፓጋኒ በፒ ኤፍ ኤም፣ አሜሪካ ውስጥ ሮቢ ስታይንሃርት በካንሳስ ይህንኑ ስፍራ ያዙ። በበርሚንግሃም ከተማ ኤሌክትሪክ ላይት ኦርኬስትራ ሲመሠረት ደግሞ ሮይ ዉድ ቼሎውን በቼሎ ላይ እየደራረበ ቀዳ፤ በ1971 የወጣውን የመጀመሪያ አልበማቸውን የሚከፍተው ዘፈን ላይ ያ ቼሎ እንደ መጋዝ ይሻክራል። በኋላ ጄፍ ሊን በ1974 ለኤልዶራዶ አልበም ሙሉ ኦርኬስትራ ሲቀጥር ድምፁ አማረ፣ ለሰለሰ፤ እኔን ግን እስከ ዛሬ የሚናፍቀኝ ያ ሻካራው ነው።

ቤተኛ መሆን ግን ዋጋ አለው። የቫዮሊን ድምፅ ከአውታሩ ብቻ አይወጣም፤ የሚወጣው ከእንጨቱ፣ ከሆዱ ነው። በኤሌክትሪክ ጊታርና በድራም መካከል ማይክራፎን ብታቀርብለት ማይክራፎኑ ድራሙንም አብሮ ይሰበስባል፤ ድምፁን ከፍ ስታደርገው ከድምፅ ማጉያው የወጣው ተመልሶ እየገባ ያፏጫል። አውታሮቹን በተሸከመው እንጨት ላይ (በመሰንቆ ብርኩማ የምንለው ላይ) ድምፅ ተቀባይ ብትለጥፍለት ደግሞ አውታሩ ይሰማል፣ ሆዱ ግን ይቀራል፤ ቀጭንና አፍንጫማ ድምፅ ይሆናል። መሰንቆ ለለመደ ጆሮ ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ መንገር አያሻም። ደጋን የሚነካው መሣሪያ ሁሉ የሰው ጉሮሮ ዘመድ ነው፤ ጉሮሮ ደግሞ ሲጮኽና ሲናገር አንድ ሰው አይደለም።

ዴቪድ ክሮስን የማነሣው ለዚህ ነው።

ጊታሪስቱ ሮበርት ፍሪፕ በ1972 ኪንግ ክሪምሰንን እንደ አዲስ ሲያዋቅር ጆን ዌተንን ለቤዝ ጊታር፣ ቢል ብሩፎርድንና ጄሚ ሙይርን ለድራምና ለልዩ ልዩ መቺ መሣሪያዎች፣ ክሮስን ደግሞ ለቫዮሊን አመጣ። በ1973 የወጣው «ላርክስ ታንግስ ኢን አስፒክ» የተባለው አልበም መክፈቻ ላይ ጊታሩ ሲያጓራ ቤት የሚያፈርስ ይመስላል፤ ከዚያ ሁሉ ጎርፍ በኋላ ሁሉም ነገር ይወርድና ቫዮሊኑ ብቻውን ሊባል በሚችል ሁኔታ መናገር ይጀምራል። እኔ በበኩሌ በሮክ ሙዚቃ ውስጥ እንዲህ ያለ ጭር ያለ ስፍራ አላውቅም። ሙይር በዚያው ዓመት ከባንዱ ወጣ። የቀሩት አራቱ ከከተማ ከተማ ሲዞሩ፣ የዌተን ቤዝና የብሩፎርድ ድራም ከምሽት ወደ ምሽት እየጠነከሩ፣ የፍሪፕ ጊታርም እነርሱን ለመድረስ ከፍ እያለ ሄደ። ቫዮሊኑ ግን የት ይሄዳል?

አንድ ምሽት ብቻ መልስ ተገኘ። ኅዳር 1973፣ አምስተርዳም፣ ኮንሰርትኸባው አዳራሽ። ያለ ዝግጅት፣ እዚያው መድረክ ላይ የፈጠሩት ሙዚቃ ነው። ክሮስ በቀስታ ይጀምራል፤ ዌተን በቤዙ ከሥሩ ይገባል፤ ፍሪፕ ጊታሩን ትቶ በሜሎትሮን የዋሽንት ድምፅ ያክልበታል። ብሩፎርድስ? ብሩፎርድ የድራም መምቻ እንጨቶቹን ደረቱ ላይ አመሳቅሎ ተቀመጠ። አንዴም አልመታም። ሙዚቃው «ትሪዮ» ተባለ፤ በ1974 አልበም ላይ ሲወጣም የድርሰቱ ባለቤትነት ለአራቱም ተመዘገበ፤ ምንም ያልተጫወተው ድራም መቺ ዝም በማለቱ ደራሲ ሆነ። እኔ ይህን በሰማሁ ጊዜ ሳቅሁ፤ ሙዚቃውን ደግሜ ሳዳምጠው ግን ሳቄ ጠፋ። የብሩፎርድ እጅ በዚያ ሙዚቃ ውስጥ በእርግጥ ይሰማል። ሊመታ የሚችል ሰው እዚያ ተቀምጦ እንደማይመታ ባታውቅ ቫዮሊኑ እንዲያ አይርበተበትም ነበር።

ወዳጄ ሆይ፣ ክርክሬ ይኸው ነው። ቫዮሊን በፕሮግረሲቭ ሮክ ውስጥ ቤት ያቆመው ድምፁ በተጎላበት ጊዜ ሳይሆን፣ ብርቱው ጎረቤቱ ስፍራ በለቀቀለት ጊዜ ነው። ካንሳስም ይመሰክራል፤ ባንዱ በዓለም ሁሉ የሚታወቅበት «ደስት ኢን ዘ ዊንድ» (1977) ድራም የለበትም። ሁለት ጊታርና፣ በ2021 ያረፈው ስታይንሃርት የሚጫወተው ቫዮሊንና ቪዮላ ነው። ድራም መቺው ባይቀመጥ ኖሮ ያ ዜማ የት ይገባ ነበር?

ይህን ሁሉ እንደ መጽሐፍ ዕውቀት ብቻ እንዳልጽፈው የሚያግደኝ አንድ የራሴ ገመና አለ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የግጥም ምሽት ላይ፣ ግጥም በባንድ ታጅቦ በሚቀርብበት መድረክ፣ ተራ ደርሶኝ ነበር። ይዤው የሄድኩት ግጥም ስለ አያቴ ነው፤ ሌሊት፣ ሰው እንዳይነቃባት፣ ከኩራዝ ብርሃን ጋር እያንሾካሾከች ስለምትጸልይ አሮጊት። በልምምዱ ላይ ባንዱ እንደ ጥላ ነበር። በምሽቱ ግን አዳራሹ ሞላ፤ ድራም መቺው ሞቀው፤ ቤዙም ተከተለው። ሁለተኛው አንጓ ላይ የራሴን ድምፅ አጣሁት። ማቆም ነበረብኝ። አላቆምኩም፤ ጮኽኩ። በቀን ሥራዬ ባንክ ቤት ነው የምውለው፤ እና ያን ምሽት የአያቴን ጸሎት እንደ ሐራጅ ማስታወቂያ አነበብኩት። ሰዉ አጨበጨበ። አንዱ የማከብራቸው አንጋፋ ገጣሚ ከመድረክ ስወርድ ትከሻዬን ነክተው «ዛሬ ገና ድምፅህ ወጣ!» አሉኝ። አመሰገንኳቸው። ያን ግጥም ከዚያ ወዲህ ለሰው አንብቤው አላውቅም።

ባንዱን አልከስም። ጥሩ ሙዚቀኞች ነበሩ፤ ምናልባት ከእኔ ግጥም የተሻሉ። ዌተንና ብሩፎርድም በዘመናቸው ከነበሩት ሁሉ ብርቱዎቹ ነበሩ፤ ያን ብርታት እወደዋለሁ፣ ሳዳምጠው ጸጉሬ ይቆማል። ለዚህም ነው ጉዳዩ ቀላል ያልሆነው። ክፉ ሰው ቢውጥህ ትጮኽበታለህ፤ የምታደንቀው ሲውጥህ ምን ይደረጋል?

ክሮስ ያደረገውን ልንገራችሁ፤ ለእኔ ከታሪኩ ሁሉ መራራው እርሱ ነው። ሜሎትሮን ያልኩት መሣሪያ የፒያኖ ዓይነት ቁልፎች አሉት። በእያንዳንዱ ቁልፍ ሥር አንዲት ቁራጭ የካሴት ክር ተዘርግታለች፤ በእርስዋ ላይ እውነተኛ ሙዚቀኞች በአንድ ወቅት የተጫወቱት አንድ ድምፅ ተቀድቷል፤ ከሚመረጡት ድምፆች አንዱ የቫዮሊኖች ነው። ቁልፉን ስትጫን ክሩ ይሮጣል፣ ቫዮሊኖቹ ያለቅሳሉ፤ ስምንት ሰኮንድ ያህል ቆይቶ ክሩ ያልቅና ልቅሶው ይቆረጣል። ክሮስ በ1973 እና በ1974 መድረኮች ላይ ብዙ ጊዜ ቫዮሊኑን አስቀምጦ ወደ ሜሎትሮን ይሄድ ነበር። በእጁ የነበረው ሕያው ቫዮሊን አይሰማም፤ ማን እንደ ተጫወታቸው የማይታወቁ፣ በክር ላይ የቀሩ ቫዮሊኖች ግን በማጉያው በኩል ይሰማሉ። (ሜሎትሮንን የማልወድ እንዳይመስላችሁ፤ ያ የሚንቀጠቀጥ፣ ትንሽ የሻገተ ድምፅ በ1969ኙ የኪንግ ክሪምሰን የመጀመሪያ አልበም ላይ የሠራውን ሥራ እውነተኛ ኦርኬስትራ አይሠራውም ነበር።)

በሐምሌ 1974 የአሜሪካ ጉብኝቱ አለቀ፤ ክሮስም ከባንዱ ወጣ። የቀሩት ሦስቱ «ሬድ» የተባለውን አልበም ቀዱ። አልበሙን የሚዘጋው «ስታርለስ» ከአሥራ ሁለት ደቂቃ በላይ ይሄዳል፤ ብዙዎች የኪንግ ክሪምሰን ታላቁ ሥራ ይሉታል፣ እኔም አልቃወማቸውም። በዚያ ዓመት መድረክ ላይ የመክፈቻውን ዜማ ይጫወት የነበረው የክሮስ ቫዮሊን ነበር። በአልበሙ ላይ ግን ያንኑ ዜማ ጊታሩ ይዞታል፤ ከኋላው ሜሎትሮኑ በክር ላይ በተቀዱት ቫዮሊኖች ያለቅሳል። በ1975 ከዚያ ጉብኝት የተቀዳ የመድረክ አልበም ሲወጣ ደግሞ በአንዳንዶቹ ሙዚቃዎች ላይ የክሮስ ቫዮሊን ስፍራ ኤዲ ጆብሰን የተባለ ሌላ ወጣት በስቱዲዮ እንዲጫወት ተደረገ። ጆብሰን ድንቅ ተጫዋች ነው። ንጹሕ፣ ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠው። ክሮስ በዚያ ምሽት በእውነት የተጫወተው ቫዮሊን፣ ከጩኸቱ ጋር የታገለው ያ ቫዮሊን፣ በዚያ አልበም አንዳንድ ሙዚቃዎች ላይ የለም። በ1992 የዚያ ዘመን የመድረክ ቅጂዎች በአራት ሲዲ ሲታተሙ ግን ክሮስን በራሱ ድምፅ መስማት ተቻለ። ይዋጣል፣ ብቅ ይላል፣ እንደገና ይዋጣል። እኔ ከጆብሰን ይልቅ ያንን እመርጣለሁ።

ወዳጄን ግን ልኬ የማሰማው ሌላ ነው። «ሬድ» ላይ «ፕሮቪደንስ» የተባለ ሙዚቃ አለ፤ ሰኔ 30 ቀን 1974 በዚያ ስም በምትጠራው የአሜሪካ ከተማ መድረክ ላይ፣ ያለ ዝግጅት የተፈጠረ ነው። ክሮስ ከባንዱ ጋር ሊጫወት የቀረው ከዚያ ምሽት በኋላ አንድ መድረክ ብቻ ነበር። ሲጀምር ቫዮሊኑ በቀስታ፣ እየፈራ ይመስላል፣ ይገባል፤ ለተወሰኑ ደቂቃዎች ማንም አይጫነውም። ከዚያ ቤዙ ከሩቅ ያጉረመርማል። የጆሮ ማዳመጫ አድርግና፣ ድራሙ ከመግባቱ በፊት ያለውን ብቻ አዳምጠው።