ያረጀ መኪና ወንበር፦ ልብሱ ይቅደም ወይስ ሞላው?

ከአራዳ ጊዮርጊስ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ለብዙ ዓመታት ሲመላለሱ ከኖሩት ሰማያዊና ነጭ ታክሲዎች መካከል ስሙ ቀድሞ የሚነሳው ላዳ ነው። የላዳ የዘር ሐረግ ወደ ጣሊያን ይመዘዛል። የፊያት ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1966 «ፊያት 124» የተሰኘውን የቤተሰብ መኪና ለገበያ ሲያቀርብ፣ በዚያው ዓመት ጣራው የሚታጠፈውን «124 ስፖርት ስፓይደር» ለእይታ አበቃ። በ1970 ደግሞ ሶቭየት ኅብረት ፊያት 124ን መሠረት ያደረገውን መኪና በቶልያቲ ከተማ ማምረት ጀመረች። እንግዲህ የፒያሳው ታክሲና ዛሬ ሰብሳቢዎች የሚፈልጉት የስፖርት መኪና የአንድ ቤት ልጆች ናቸው ማለት ነው። ሁለቱም ሲያረጁ አንድ ጥያቄ ይገጥማቸዋል፦ ያለቀው ወንበር ይታደስ ወይስ ይቀየር?

ብዙዎች የለመዱት መልስ ልብሱን መለወጥ ነው። የተቀደደው ሰው ሠራሽ ቆዳ ይነሳል፣ አዲስ ይሰፋል፤ ከላይ ሲያዩት ያምራል፣ ውስጡን ለቄስ። በዚህ ጽሑፍ የምንሞግተው ይህንኑ ልማድ ነው። የመኪና ወንበር ጌጥ አይደለም፤ በመንገዱና በሰው አከርካሪ መካከል የቆመ የመጨረሻው የንዝረት መከላከያ ነው። ስለሆነም እድሳቱ ከስፖንጁና ከሞላው ሊጀምር ይገባል እንላለን።

ነገሩን በፊዚክስ ዓይን እንመልከተው። በሞላ ላይ ያረፈ ማንኛውም አካል ተፈጥሯዊ ድግግሞሽ አለው፤ ማለትም አንድ ጊዜ ቢነኩት በሰከንድ የተወሰነ ጊዜ ሽቅብ ቁልቁል ይላል። ይህን ለማወቅ የሞላውን ጥንካሬና የሰውየውን ክብደት ለየብቻ መለካት አያስፈልግም። ሰው ሲቀመጥበት ወንበሩ ስንት ሳንቲሜትር እንደሰመጠ መለካት ይበቃል፤ 5ን በዚያ ቁጥር ዳግም ዘር ስናካፍል ድግግሞሹን በኸርዝ በግምት እናገኛለን። 4 ሳንቲሜትር የሚሰምጥ ደህና ወንበር 2.5 ኸርዝ ይሆናል። 1 ሳንቲሜትር ብቻ የሚሰምጥ ያለቀ ወንበር ግን 5 ኸርዝ ይደርሳል።

ልዩነቱ ምን ያመጣል? ወንበር ንዝረትን መቀነስ የሚጀምረው የንዝረቱ ድግግሞሽ የወንበሩን ድግግሞሽ 1.4 እጥፍ ያህል ሲያልፍ ነው፤ ከዚያ በታች ያለውን እንዲያውም ያጎላዋል። የመጀመሪያው ወንበር ከ3.5 ኸርዝ በላይ ያለውን ይቀንሳል፤ ሁለተኛው ግን እስከ 7 ኸርዝ ድረስ ያለውን ያጎላል። የተቀመጠ ሰው አካል ደግሞ ሽቅብ ቁልቁል ለሚንጥ ንዝረት ይበልጥ ስሱ የሚሆነው ከ4 እስከ 8 ኸርዝ ባለው ክልል ነው። በየ1 ሜትሩ ጉብታ ባለበት መንገድ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና በሰከንድ 5.6 ጊዜ ገደማ ይመታል፤ በትክክል እዚያው ክልል ውስጥ። ለረጅም ጊዜ ለንዝረት የተጋለጡ አሽከርካሪዎች ዘንድ የወገብ ሕመም እንደሚበዛ በልዩ ልዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች አመልክተዋል። ቀኑን ሙሉ መሪ ይዞ ለሚውል ባለታክሲ ይህ የሒሳብ ጨዋታ ሳይሆን የጤና ጉዳይ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የተሳሳተ ግንዛቤ ማረም ያሻል። የጎደጎደ ወንበር የለሰለሰ ይመስላል። እውነቱ ግን ተቃራኒው ነው፤ የሚሰምጥበትን ቦታ አስቀድሞ ስለጨረሰ ጠጥሯል። ስፖንጁ ብዙውን ጊዜ ፖሊዩሬታን ነው። ተደጋጋሚ ጫና የጥቃቅን ቀዳዳዎቹን ግድግዳ ይሰብራል፤ ኦክስጅን፣ ሙቀትና እርጥበት ደግሞ የሞለኪውሎቹን ሰንሰለት ይበጥሳሉ። 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በምትገኘው አዲስ አበባ የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ጠንካራ በመሆኑ ልብሱም ቶሎ ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁም እርጥበት ይገባል።

ታዲያ ወንበሩን ከነአካቴው ከሌላ መኪና በወጣ ብንተካውስ? ጥቅም አለው፤ በተለይ የድሮዎቹ ወንበሮች የራስ መደገፊያ ስለሌላቸው፣ መኪናው ከኋላ ሲገጭ አንገትን አይጠብቁም። ይሁን እንጂ አደጋው ከሥር፣ በእስራቱ ላይ ነው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና በግጭት በ0.1 ሰከንድ ቢቆም፣ 15 ኪሎ ግራም የሚመዝን ባዶ ወንበር ቡሎኖቹን 2,100 ኒውተን በሚያህል ኃይል ይጎትታል። ይህም የ210 ኪሎ ግራም ሸክም ያህል ነው። የአዲሱ ወንበር ሐዲድ ከመኪናው ነባር ማሰሪያዎች ጋር ካልገጠመ፣ በቀጭን ላሜራ ላይ በጥድፊያ የተበየደ ብረት ይህን ይሸከማል ብሎ ማመን ያስቸግራል።

ሁለት ተቃውሞዎች እንደሚነሱ እናውቃለን። አንደኛው የገንዘብ ነው። ልብሱ አንዴ ከተነሳ ግን የሰፊው ድካም ግማሹ አልቋል፤ በዚያው ስፖንጁን መለወጥና የተሰበረውን ሞላ መተካት ሌላ ጊዜ እንደገና ከማስፈታት ይረክሳል። ሁለተኛው የቅርስ ነው። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ሰፊ ክፍል ለኮሪደር ልማት ከፈረሰ ወዲህ፣ ከዚያ ዘመን የቀረን ማናቸውም ነገር፣ መኪናም ቢሆን፣ እንዳይነካ መመኘት የሚገባን ነው። ነገር ግን የስፌቱን መስመርና የወንበሩን ቅርጽ ጠብቆ ውስጡን ማደስ ቅርስን አያጠፋም፤ አገልግሎቱን ያራዝማል እንጂ።

ስለዚህ የምንጠይቀው ሦስት ነገር ነው። በዓመታዊ የተሽከርካሪ ምርመራ ፍሬን የሚያገኘውን ትኩረት የወንበር እስራትና ሞላም ያግኝ። የወንበር ሰፊዎች ሙያ ከጌጥ ሥራ ተራ ወጥቶ የደኅንነት ሙያ ተብሎ ይከበር፤ የቴክኒክ ኮሌጆችም ከእነርሱ ጋር ይሥሩ። እናንተ ተማሪዎች ደግሞ ማስመሪያ ይዛችሁ፣ ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ፣ የአንድ አሮጌ መኪና ወንበር ስንት ሳንቲሜትር እንደሚሰምጥ ለኩ። ስፖንጅ እንደ ትምህርት ቤት ሞላ ቀጥተኛ ሕግ ስለማይከተል ውጤቱ ግምት ይሆናል። ቢሆንም ቁጥሩ ከ4 ኸርዝ በላይ ከሆነ ለባለመኪናው ንገሩት፤ ልብሱን ከማሰፋቱ በፊት ውስጡን ያስፈትሽ።