ሁሉም የብሽሽት ሕመም «ብርድ» አይደለም



ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ ማለዳ፣ ከራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ወደ ቤቴ ስመለስ፣ አንድ የሰፈራችን ልጅ ጆንያ ተደግፎ አንድ እግሩን ሲያሳርፍ አገኘሁት። ቀን መርካቶ ውስጥ ዕቃ ይሸከማል፤ ከሌሊቱ ዐሥር ሰዓት ተነሥቶ ደግሞ ይሮጣል። ለአንድ ክለብ ሙከራ ሊያደርግ ሦስት ሳምንት ቀርቶት ነበር።

«ምን ሆነሃል ልጄ?» አልኩት።

«ምንም አይደል ሲስተር፤ ብሽሽቴን ብርድ መትቶኝ ነው። ማታ ወጌሻ ጋ ሄጄ እታሻለሁ።»

«መቼ ነው የሚያምህ?»

«መጀመሪያ ስሮጥ ብቻ ነበር። አሁን ደረጃ ስወጣም ያመኛል። ሌሊትም ይቀሰቅሰኛል።»

ይህን ስሰማ ደነገጥኩ። ምክንያቱን ልንገራችሁ።

ከብዙ ዓመት በፊት፣ ገና ሥራ ላይ ሳለሁ፣ ልክ እንዲህ እያለች የመጣች አንዲት ወጣት ሯጭ ነበረች። ራጅ ተነሣች፤ «ምንም የለም» ተባለ። እኔም የታዘዘላትን ማስታገሻ መርፌ ወግቼ «ሁለት ቀን ዕረፊ» ብዬ ሸኘኋት። ሕመሙ ሲታገስላት ልምምዷን ቀጠለች። ከዐሥር ቀን በኋላ በሰው ተደግፋ ተመለሰች፤ የጭኗ አጥንት አንገቱ ላይ ተሰብሮ ነበር። ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት መራመድ ቻለች፤ ሩጫው ግን በዚያው አበቃ። ምን እንደምትበላ፣ የወር አበባዋ በጊዜው ይመጣ እንደሆነ አልጠየቅኳትም ነበር። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የዳሌ መገጣጠሚያ የተሠራው ከኳስና ከጎድጓዳ ነው። የጭን አጥንት ጫፍ ክብ ሆኖ ዳሌ ውስጥ ባለው ጎድጓዳ ይገባል። ከኳሱ በታች ያለው ቀጭን ክፍል «አንገት» ይባላል። ስንሮጥ በእያንዳንዱ እርምጃ ከሰውነታችን ክብደት በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ጫና የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው። አጥንት ሲደክም ራሱን ይጠግናል፤ ለመጠገን ግን ዕረፍትና ምግብ ይፈልጋል። ልምምድ በድንገት ሲበዛ፣ ምግብ ሲያንስ፣ ዕረፍት ሲጠፋ ስንጥቅ ይጀምራል። ሴት ሯጮች ላይ የወር አበባ መቅረት አጥንት እየሳሳ መሆኑን የሚያስጠነቅቅ ምልክት ነው። «ስፖርተኛ ስለሆንኩ ነው» ተብሎ አይታለፍም።

የኳሱ ደም የሚያልፈው በዚሁ አንገት በኩል ነው። አንገቱ ተሰብሮ ከቦታው ከተንሸራተተ ወይም ዳሌው ከወለቀ ደሙ ሊቋረጥና አጥንቱ ሊሞት ይችላል። አሜሪካዊው ቦ ጃክሰን በእግር ኳሳቸውም በቤዝቦልም ስመ ጥር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1991 በአንድ ጨዋታ ዳሌው ተጎድቶ ደም ስላጣ አጥንቱ ሞተ፤ በሰው ሠራሽ ዳሌ ተተካለት። ወደ ቤዝቦል ቢመለስም፣ ወደ እግር ኳሱ ግን አልተመለሰም።

የብሽሽት ሕመም ሁሉ ስንጥቅ ነው ማለቴ አይደለም። በኳስ ተጫዋቾች ላይ የሚበዛው የውስጥ ጭን ጡንቻ መሳሳብ ነው። በዳሌ ጎን ላይ የሚሰማ፣ በዚያ ጎን ሲተኙ የሚብስ ሕመም ከጅማት መቆጣት ሊመጣ ይችላል። ከወገብ ተነሥቶ እስከ እግር የሚወርድ ደግሞ ከነርቭ ሊሆን ይችላል። የጎድጓዳው ጠርዝ መቀደድ፣ ቡአ፣ የመገጣጠሚያ መበላትም አሉ። ለዚህ ነው ሐኪም አስቀድሞ የሚጠይቀው፣ ከዚያ እግሩን እያዞረ የሚመረምረው።

ራጅ የመጀመሪያው ምርመራ ነው። ነገር ግን ጀማሪ ስንጥቅ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በራጅ ላይታይ ይችላል። ሕመሙ ካለ «ራጁ ንጹሕ ነው» መባሉ አያዘናጋችሁ፤ ኤምአርአይ ያስፈልግ እንደሆነ ጠይቁ። ውጤቱ እስኪታወቅ እግሩን አለመርገጥ፣ በክራንች መሄድ ይገባል። መርፌ ወስዶ መሮጥ ግን ማስጠንቀቂያውን ደወል ዝም ማሰኘት ነው።

ሕክምናውን የሚወስነው የስንጥቁ ቦታ ነው። በአንገቱ የታችኛው፣ የውስጥ ጎን ላይ ያለ ትንሽ ስንጥቅ ብዙውን ጊዜ ለሳምንታት በክራንችና በዕረፍት ይድናል። በላይኛው ጎን ያለው ግን ሊከፈት ስለሚችል በአብዛኛው በብሎን ይታሰራል። ጡንቻ ከሆነ ዕረፍት፣ ፊዚዮቴራፒና ቀስ በቀስ መመለስ ይበቃዋል።

ወጌሻዎቻችንን አልንቅም፤ ስንቱን ወለምታ አሽተው መልሰዋል። የተሰነጠቀን የዳሌ አጥንት ማሸትና መጎተት ግን ሊሰብረው ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ሐኪም ይየው።

ለቤተሰብም ሦስት ነገር ልበል። ልጅ ጉልበቴን አመመኝ እያለ ካነከሰ ዳሌውም ይታይ፤ የዳሌ ሕመም ጉልበት ላይ ሊሰማ ይችላልና። ትኩሳት ኖሮት እግሩን አላስነካ ካለ በዚያው ቀን ሆስፒታል ውሰዱት። እናት ወይም አባት ወድቀው እግራቸው አጥሮ ወደ ውጭ ከዞረ አታቁሟቸው፤ በተኙበት ደግፋችሁ አምቡላንስ ጥሩ።

ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ከ1994 ዓ.ም. ወዲህ ብዙዎቻችንን ወደ ጎዳና አውጥቶናል፤ ደስ ይላል። ግን ዓመቱን ሙሉ ተቀምጦ ለ10 ኪሎ ሜትር በሁለት ሳምንት መዘጋጀት አይቻልም። ቀስ ብላችሁ ጨምሩ፤ በሳምንት ቢያንስ አንድ ቀን ዕረፉ። ስትጾሙም ሽሮው፣ ምስሩና ጎመኑ አይጉደል።

ወደ ልጃችን ልመለስ። እየተቆጣሁ ሆስፒታል ወሰድኩት። ራጁ ንጹሕ ነበር። ያየውን የአጥንት ሐኪም የድሮዋን ልጅ ታሪክ ነግሬ ኤምአርአይ እንዲታዘዝለት ለመንኩት። ስንጥቁ ታየ፤ ደግነቱ በታችኛው ጎን ነው። አሁን በክራንች ላይ ነው። ሙከራው አልፎታል፤ ሲነግሩት አለቀሰ። ሸክሙም ስለቀረ ገቢ የለውም፤ አብረውት የሚሸከሙት ልጆች በየሳምንቱ እያዋጡ የቤት ኪራዩን ይከፍሉለታል። ትናንት ቡና ልጠጣ ስወጣ ደጃፉ ተቀምጦ አገኘሁት።

«ሲስተር፣ መቼ ነው የምሮጠው?» አለኝ።

«አጥንትህ ሲፈቅድልህ» አልኩት። ክለቡ በሚመጣው ዓመትም ሙከራ ያደርጋል። እሱም ያኔ በሁለት እግሩ ይቆማል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ሳምንት እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ።