«ታጥቧል እኮ!»

«አልኮል ጀርም ይገድላል» የምትለውን የመጠጥ ቤት ፍልስፍና ያልሰማ የአዲስ አበባ ጠጪ ይኖር ይሆን? ቢራ ውስጥ ያለው አልኮል አብዛኛውን ጊዜ ከ5 በመቶ እምብዛም አይርቅም፤ እጃችንን የምናጸዳበት ግን ቢያንስ 60 በመቶ ሊኖረው ይገባል። ስለዚህ አስተናጋጁ ባዶ ብርጭቆዎችን፣ ጣቶቹን በውስጣቸው ሰክቶ ሲያመጣ ቢራው አያድነንም። እነዚያ ጣቶች አሁን ሒሳብ ሲቀበሉ ነበር፤ የብር ኖት ጣት ላይ ምን እንደሚተው ደግሞ ባንክ ቤት ቀኑን ሙሉ ስቆጥር የምውለውን እኔን ጠይቁኝ።

ባለቤቱ «ታጥቧል እኮ!» ይላል። በየትኛው ውኃ? የጥብስ ሳህን በተዘፈዘፈበት? ቢራው ራሱ ይመስክር። በንጹሕ ብርጭቆ አረፋው ይሰነብታል፤ በተጎነጩለት ቁጥርም በብርጭቆው ግድግዳ ላይ ቀለበት እየተወ ይወርዳል። ቅባት ወይም በወጉ ያልተለቀለቀ ሳሙና ባለበት ግን አረፋው ወዲያው ይከስማል፤ የጋዙ አረፋዎችም በቆሸሸው ጎን ተለጥፈው ይቀራሉ። ጠረጴዛ በተጠረገበት ጨርቅ መወልወሉስ! ተደፍቶ በነፋስ ቢደርቅ ምን ነበረበት?

እናቶቻችን ጠላ ከመጥመቃቸው በፊት ጋኑን በግራዋ አሽተው በወይራ ያጥናሉ። እኛ ገጣሚዎች ስለ ብርሌ ቤት ስንመታ ኖረናል፤ ብርሌውን ያጠበችውን ማን አነሣ? የምወቅሰውም እርሷን አይደለም፤ ለመቶ ብርጭቆ አንድ ሳፋ ቀዝቃዛ ውኃ ሰጥቷት የቢራውን ዋጋ ግን በየጊዜው የሚሰቅለውን ነው።

የከንፈር ቀለም ያለበት ብርጭቆ ስመልስ «ተጀነነ» የምትሉኝ ወዳጆቼ፣ ነገ እናንተም መልሱ።