ጩኸት የሚመስል ሙዚቃ በየትኛው በር ይገባል?

ዛሬ የማወራችሁ ብዙ ሰው አንድ ደቂቃ ሰምቶ ስለሚዘጋው ሙዚቃ ነው። አቫንት ጋርድ ጃዝ ይባላል። አንዳንዶች ፍሪ ጃዝ፣ ማለትም «ነጻ ጃዝ» ይሉታል። ተጫዋቾቹ የተለመደውን ምት ትተው ይሄዳሉ፤ ሳክስፎኑ ይጮኻል፣ ያለቅሳል፣ ያጉረመርማል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማ ሰው «ይሄ ሙዚቃ ነው ወይስ ጠብ?» ቢል አይፈረድበትም።

ብዙውን ጊዜ ችግሩ ጆሮው ሳይሆን የገባበት በር ነው። ኦርኔት ኮልማን በ1960 የቀረጸው «ፍሪ ጃዝ» ስምንት ሰዎች 37 ደቂቃ ያህል ሳያቋርጡ የሚጫወቱበት ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ጆን ኮልትሬን በ1965 የቀረጸው «አሴንሽን» ደግሞ 11 ተጫዋቾች አሉት። ሁለቱም ትልልቅ ሥራዎች ናቸው። በእነሱ መጀመር ግን ዋና ሳይችሉ ባሕር መሐል እንደ መግባት ነው።

የእኔ ሥራ ሶፍትዌር ነው። ሌሎች የጻፉት ትልቅ ፕሮግራም ሲሰጠኝ ሁሉንም ከላይ እስከ ታች አላነብም። አንድ ነገር እመርጣለሁ፤ ለምሳሌ ሰው አንዱን ቁልፍ ሲነካ ምን እንደሚሆን እከተላለሁ። እሱን ስከተል ሌላው ቀስ በቀስ ይገለጥልኛል። ይህንንም ሙዚቃ የምሰማው እንዲሁ ነው። እስቲ ሦስት በሮች ላሳያችሁ።

የመጀመሪያው በር ዜማ ነው። ኦርኔት ኮልማን በ1959 ያወጣው አልበም «ዘ ሼፕ ኦቭ ጃዝ ቱ ከም» ይባላል። በ«ሎንሊ ዉማን» ይጀምራል፤ «ብቸኛዋ ሴት» ማለት ነው። ርዝመቱ አምስት ደቂቃ ያህል ነው። አራት ሰዎች ይጫወታሉ፤ ፒያኖ የለም። ድራሙ ይፈጥናል፤ ሳክስፎኑና ኮርኔቱ ግን ከላይ ረጋ ብለው የሐዘን ዜማ ያወጣሉ። አያታችሁ ሥራ እየሠሩ ሲያንጎራጉሩ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እንደዚያ ነው፤ አይቸኩልም። መጀመሪያ ዜማውን ብቻ ስሙ። በሌላ ቀን የቻርሊ ሄይደንን ቤዝ ብቻ ተከተሉ። በሦስተኛው ቀን ድራሙን። ያኔ ግርግር የመሰላችሁ ነገር የአራት ሰዎች ጭውውት ይሆናል።

ሁለተኛው በር ድግግሞሽ ነው። አልበርት አይለር በ1964 «ስፒሪችዋል ዩኒቲ» የተባለ አልበም ቀረጸ። ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ አልበሙም 30 ደቂቃ አይሞላም። «ጎስትስ» የሚባለው ዜማ መጀመሪያም መጨረሻም ላይ ይመጣል። ዜማው የልጆች መዝሙር ይመስላል፤ ወዲያው ልታዜሙት ትችላላችሁ። ከዚያ አይለር ይበትነዋል፣ ይጮኽበታል፣ መልሶም ያመጣዋል። ዜማውን በልባችሁ ከያዛችሁ ጩኸቱ ውስጥ አትጠፉም፤ ወደ የት እንደምትመለሱ ታውቃላችሁ።

ሦስተኛው በር ከቤታችን ነው፤ ሽለላ። ሽለላ ጀግና ወደ ጦርነት ሲሄድ ወይም ድል አድርጎ ሲመለስ የሚያሰማው፣ ወኔ የሚቀሰቅስ ድምፅ ነው። ዛሬ በሠርግም ይሰማል። ሸላዩ ምት አይቆጥርም፤ ድንገት ከፍ ይላል፣ ዝም ይላል፣ እንደገና ይነሳል። አንጋፋው ጌታቸው መኩሪያ ይህን የሰው ድምፅ ወደ ሳክስፎን አመጡት። የእሳቸው አጨዋወት ከአሜሪካ የተቀዳ ሳይሆን ከሽለላና ከፉከራ የተወለደ ነው። ሆኖም ከአይለር ጎን ስታስቀምጡት ሁለቱ የሚተዋወቁ ይመስላሉ። «ኢትዮፒክስ» ከሚባሉት ተከታታይ አልበሞች 14ኛው የእሳቸው ነው። በ2006 ደግሞ «ዘ ኤክስ» ከተባለው የሆላንድ ባንድ ጋር «ሞዓ አንበሳ» የሚባል አልበም አውጥተዋል።

ይህን ሁሉ የማወራው ሁላችሁም ይህን ሙዚቃ እንድትወዱት አይደለም። ሞክሮ «አልወደድኩትም» ማለት መብት ነው። የሚያሳስበኝ «አይገባኝም፣ ለእኔ አይደለም» የሚለው ቃል ነው፤ በሩን ከመሞከራችን በፊት ይዘጋዋል። ኮልማን በ1959 ኒው ዮርክ ውስጥ ፋይቭ ስፖት በተባለ ክለብ መጫወት ሲጀምር አንዳንድ የታወቁ ሙዚቀኞች አደነቁት። ሌሎች ግን «ይህ ሰው መጫወት አይችልም» አሉ። ይችል ነበር፤ የሚናገረው ግን በራሱ ለዛ ነበር። ውጭ አገር ያደጋችሁና አማርኛችሁ «ፈረንጅ ፈረንጅ ይላል» የተባላችሁ ልጆች ይህ ምን ማለት እንደሆነ ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ። ትልልቆች ቡና ላይ ሲያወሩ ሁሉም ቃል ባይገባችሁም ማን እንደሚቀልድ፣ ማን እንዳዘነ ትሰማላችሁ። ጆሮ ከቃል ቀድሞ ይገባል። ለዚህ ሙዚቃ የሚያስፈልገውም ያው ጆሮ ነው።

እንግዲህ ለዚህ ሳምንት አንድ ሥራ ልስጣችሁ። የጌታቸውን ሽለላ ለአባታችሁ ወይም ለእናታችሁ ክፈቱላቸው፤ «ሽለላ ምንድን ነው? መቼ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?» ብላችሁ በአማርኛ ጠይቋቸው። መልሳቸውን ከሰማችሁ በኋላ «ጎስትስ»ን አብራችሁ ስሙ። ምናልባት ሠርግ ላይ ይሸልል የነበረ አጎት ትዝ ይላቸው ይሆናል። ባይሆንም አምስት ደቂቃ ነው፤ ቡናው ሳይቀዘቅዝ ያልቃል።

ሳምንት በሰላም ያገናኘን።