ጣና የሚጠበቀው ከተራራው ላይ ነው

ውሃ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ስለ ሆነ፥ በታች የሚኖር ሰው በላይ የተሠራውን ሥራ ዋጋ ወደደም ጠላም ይከፍላል። ይህን ለማስረዳት ሩቅ አገር ሄዶ ምሳሌ መፈለግ አያስፈልግም፤ የጣናን ባሕር መመልከት ይበቃል።

የጣና ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጥልቀቱ ግን እንደ ስፋቱ አይደለም፤ እጅግ ጥልቅ በሆነው ስፍራ እንኳ 15 ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ወንዞች ተሸክመው የሚያመጡት ደለል ቶሎ ይጐዳዋል። ፀሐይም በየዓመቱ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ከፍታ ያለውን ውሃ በትነት ትወስድበታለች፤ የዓለሙ አየር እየሞቀ በሄደ መጠንም ይህ ጉዳት እየበረታ እንደሚሄድ የታወቀ ነው። ከሚገባለት የወንዝ ውሃ አብዛኛውን የሚያመጡለት ግልገል አባይ፥ ጉማራ፥ ርብና መገጭ ናቸው። እንግዲህ የጣና ጤንነት በእነዚህ በአራቱ ወንዞች፥ የወንዞቹም ጤንነት በሚነሡባቸው በሰከላ፥ በጉናና በጐንደር ተራሮች ላይ የተመሠረተ ነው።

እምቦጭ የተባለው መጤ አረም በጣና ላይ መታየቱ በ2004 ዓ.ም ከተገለጠ ወዲህ፥ ሕዝቡ ከየወረዳው እየወጣ በእጁ ሲነቅል፥ መንግሥትና በጎ አድራጊዎችም መኪና ሲያስመጡ ቆይተዋል። ወገቡ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆሞ አረም የሚነቅለው ባላገር ምስጋና እንጂ ወቀሳ አይገባውም። ነገር ግን ይህ አረም ምቹ ሁኔታ ሲያገኝ በሁለት ሳምንት ያህል እጥፍ ሊሆን ይችላል፤ ዘሩም በጭቃ ውስጥ እስከ 20 ዓመት ሊቆይ ይችላል። የሚመገበውም ከታረሰ ተዳፋት ታጥቦ የሚመጣውን አፈርና ማዳበሪያ፥ ከከተሞችም የሚፈሰውን ቆሻሻ ነው። ምግቡ እስካልተቋረጠበት ድረስ ከታች ብንነቅለው ከላይ እየቀለብነው ነው። ዘመቻው ሲያበቃ የወጣው ሰው ብዛትና የተነቀለው አረም ስፋት በመዝገብ ይጻፋል፤ በክረምት ወደ ባሕሩ የገባው ደለል ግን ከዚያ መዝገብ ላይ የለም። ያልተጻፈውን ነገር ደግሞ ማንም አይጠየቅበትም።

ሕግ ጐድሎን አይደለም። በ1997 ዓ.ም የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ተዳፋትነቱ ከ60 በመቶ በላይ የሆነ መሬት ለእርሻና ለልቅ ግጦሽ እንዳይውል፥ ከ30 እስከ 60 በመቶ የሆነውም እርከን ካልተሠራበት ለዓመታዊ ሰብል እንዳይታረስ ወስኖ ነበር። በ2016 ዓ.ም አዋጁ በአዲስ ተተክቷል። ሕጉ በወረቀት ይታደስ እንጂ፥ ከብዙው ተራራ ጫፍ ድረስ ማረሻ መውጣቱን የሚያይ ሁሉ ያውቃል። ይህ የሆነው ገበሬው ክፉ ስለ ሆነ አይደለም። ለልጆቹ የሚያበላው ሌላ መሬት ስለሌለው ነው። እንዲህ ላለው ሰው «አትረስ» ብሎ ማዘዝ ቀላል ነው፤ በምትኩ ፍሬ የሚሰጥ ተክልና የከብት መኖ አዘጋጅቶ፥ ተክሉ እስኪደርስ ድረስም ስንቁን ማሰብ ግን የአስተዳዳሪ ሥራ ነው።

ከዚህ ላይ የፍትሕ ጉዳይ ይነሣል። በ1988 ዓ.ም በጨረጨራ ከተሠራው ግድብ ወዲህ የባሕሩ ውሃ ለኤሌክትሪክ ኃይል ተመጥኖ ይለቀቃል፤ በ2002 ዓ.ም የተመረቀው የጣና በለስ ማመንጫም 460 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የተሠራ ነው። ይህ ለአገር የሚጠቅም ሥራ ነው። ነገር ግን በ1995 ዓ.ም ዝናም አንሶ ሳለ ውሃው ለኃይል ማመንጫ በብዛት በተለቀቀ ጊዜ፥ ባሕሩ ዝቅ ብሎ መርከቦች ለወራት ሥራ እስከ ማቆም ደርሰዋል፤ በሸሸውም ውሃ ፈንታ ዳርቻው ታረሰ፥ ደንገሉም ጠፋ። ከደንገሉ ታንኳ እየሠሩና ዓሣ እያጠመዱ የኖሩት የነገደ ወይጦ ወገኖቻችን የኤሌክትሪኩ መብራት ለብዙ ከተማ ሲበራ የጠፋባቸውን ደንገል ማንም አልመለሰላቸውም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በ44ኛው አንቀጽ ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖርን መብት ለሁሉም ሰው ሰጥቷል፤ «ሁሉም» ሲል በባሕር ዳር በደሳሳ ጎጆ የሚኖረውንም ይጨምራል።

ለካህናት ይህ ነገር እንግዳ አይደለም። በደቡብ ጐንደር ብቻ ከ1,000 የማያንሱ አጥቢያዎች በዙሪያቸው ደን አላቸው፤ በዚያ አገር ከቀረው የተፈጥሮ ደን የሚበዛውም ይኸው ነው። በዘጌም በቆየው የገዳሙ ሥርዓት በሬ ተጠምዶ ስለማይታረስና ከብት ስለማይሰማራ፥ ቡናው በደኑ ጥላ ሥር ሲለቀም ይኖራል። ይህም ሰው ሳይራብ ደን ሊጠበቅ እንደሚቻል የሚያስረዳ ምስክር ነው። ሊቃውንት እንደሚያስተምሩት አዳም በገነት የተቀመጠው ሊሠራባትም ሊጠብቃትም ነው፤ ሠርቶ መብላቱን ይዘን መጠበቁን ብንተው የትእዛዙን እኩሌታ አጐደልን ማለት ነው። ስለዚህ የየአጥቢያው አስተዳዳሪ ደኑን በድንጋይ ካብ ቢያስከብር፥ የአገሩን ዛፍ ዘር እየለቀመ ለጎረቤት ገበሬ ቢያድል፥ በጉባኤም ጊዜ የተራራውን ነገር ቢያስተምር፥ ብዙ ገንዘብ የማይሠራውን ሥራ ይሠራል።

ለሹማምንትም የምናሳስበው አራት ነገር ነው። አንደኛ፥ በየወንዙ መግቢያ የሚወርደው ደለል በየክረምቱ እየተለካ፥ ከየትኛው ወረዳ እንደ መጣ ለሕዝብ ይገለጥ። ሁለተኛ፥ ከባሕሩ ውሃ ከሚገኘው የኃይል ገቢ ጥቂት ድርሻ ተራራውን ለሚያለማውና ማረሻውን ለሚመልሰው ገበሬ ይመደብ። ሦስተኛ፥ የባሕሩ ዳርቻ ወሰን ተለክቶ ይከለል፤ ደንገልም ይተከልበት፤ ከጥቅሙም አስቀድመው በደንገሉ የኖሩት ይካፈሉ። አራተኛ፥ ከተሞች ፍሳሻቸውን ሳያጣሩ ወደ ወንዝና ወደ ባሕር እንዳይለቁ ይደረግ፤ ገበሬውን ከመውቀስ በፊት ከተማው ራሱን ያጥራ።

ጣና ከ2007 ዓ.ም ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ባዮስፌር ጥብቅ ስፍራዎች መዝገብ ገብቷል። ይህ ክብር ነው፤ ነገር ግን መዝገብ ደለልን አያግድም። ደለልን የሚያግደው እርከንና ሥር የሰደደ ዛፍ፥ እንዲሁም ቃሉን የሚፈጽም ሹም ነው። አባቶቻችን «ሳይደርቅ በርጥቡ፥ ሳይርቅ በቅርቡ» ብለዋልና፥ ከሚመጣው ክረምት በፊት ሥራው ከተራራው ላይ ይጀመር።