ቸር ወሬ ያሰማን

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ቀኔን የሚሞሉት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ ቡና፣ ዳንቴልና ዜና። ቡናው ሰዓት አለው፤ አንዱ ጠዋት፣ ሌላው ከሰዓት በኋላ። ዳንቴሉም ቦታ አለው፤ ሆጤ ቤቴ መስኮት ሥር፣ የጦሳ ጉም ሲገፈፍ ፀሐይ የምትመጣበት ወንበር ላይ። ዜናው ግን ሰዓትም ቦታም የለውም። ከልጄ ስልክ፣ ከልጅ ልጆቼ ስልክ፣ ከጎረቤት ስልክ እየተነሣ ሳይጠሩት ይገባል። እንደ ሌላው እንግዳ «ቤቶች!» እንኳን አይልም። የዛሬው ወጌ ስለዚህ እንግዳ ነው።

እናቶቻችን ወሬ ከመስማታቸው በፊት የሚያስቀድሟት ቃል ነበረች፤ «ቸር ወሬ ያሰማን» ይሉ ነበር። ከሩቅ አገር ሰው ሲመጣ፣ በር ያለ ሰዓቱ ሲንኳኳ፣ መጀመሪያ ይቺ ቃል ትወጣለች። ልጅ ሳለሁ የልማድ ንግግር ትመስለኝ ነበር። ከ30 ዓመት በላይ በነርስነት ስሠራ ግን ትርጉሟ እያደር ገባኝ። ወሬ ሰውነት ውስጥ የሚገባ ነገር ነው። እንደ መድኃኒት ሁሉ ልክ አለው፣ ሰዓት አለው፣ የሚሰጠውም ሰው ሊታወቅ ይገባል። የድሮ ሰዎች ይህን ያወቁት ክፍል ገብተው ሳይማሩ ነው።

ለዚህ ምስክሩ መርዶ ነው። መርዶ እንዴት እንደሚነገር አስቡት። ዘመድ ወዳጅ ይሰበሰብና ይመካከራል። ሐዘንተኛዋ ነፍሰ ጡር ናት? አራስ ናት? ሕመም አለባት? እንዲያ ከሆነ ቀን ይገፋላታል። ማታ አይነገርም፤ እንቅልፏን ተኝታ ሊነጋጋ ሲል ነው በሩ የሚንኳኳው። አንድ ሰው ብቻውን አይሄድም። ቃሉን የሚያወጣ ሽማግሌ አለ፣ ግራና ቀኝ የሚደግፉ ሴቶች አሉ፣ ውኃ የያዘ አለ። ቃሉ ሲወጣ ሰፈሩ ሁሉ ደጁ ላይ ነው። ባሕር ማዶ ያሉ ወገኖቻችንም ይህን አልተዉትም፤ ጓደኞች ተጠራርተው ሐዘንተኛው ወደ ሥራ ሳይወጣ በማለዳ ቤቱ ይደርሳሉ።

ይህን በሕክምና ዓይን ብታዩት አንድም የሚጣል ነገር የለበትም። ድንገተኛ ድንጋጤ የልብ ምትንና የደም ግፊትን ሽቅብ ያወጣል። የጃፓን ሐኪሞች ከ30 ዓመት በፊት ለይተው ያወጡት አንድ የልብ ሕመም አለ፤ ከባድ ሐዘን ወይም ድንጋጤ ሲመታው የልብ ጡንቻ ለጊዜው ይዝልና አንደኛው ጎኑ ይነፋል። የተነፋው ልብ ኦክቶፐስ የሚያጠምዱበትን ማሰሮ ስለመሰላቸው በማሰሮው ስም «ታኮትሱቦ» አሉት። በብዛት የሚይዘውም የወር አበባቸው የተቋረጠ ትልልቅ ሴቶችን ነው። እንግዲህ ያቺ እናት አርፋ፣ ሰው አቅፏት፣ ቀኑ ከፊቷ ሆኖ፣ ጤና ጣቢያውም ሊከፈት ሲል ብትሰማው ይሻላል ያሉት አባቶቻችን ምኑን ተሳሳቱ?

አሁን ይህ ሥርዓት በስልክ እየፈረሰ ነው። ሐምሌ 27 ቀን 2017 ከ150 በላይ ኢትዮጵያውያን የተሳፈሩባት ጀልባ የመን ውስጥ አብየን ጠረፍ አጠገብ ሰጠመች። ብዙ ልጆቻችን እዚያው ቀሩ። እኛ ደቡብ ወሎ ውስጥ ያለን ሰዎች ይህን እንደ ሩቅ አገር ዜና አንሰማውም፤ ያ መንገድ ከየመንደራችን ይነሣል፤ በጅቡቲ አልፎ ባሕሩን ይሻገራል። ጎረቤቴም ልጇ ወደ ሳዑዲ ሊሻገር ከወጣ ሦስተኛ ሳምንቱ ነበር። ቡና ላይ ቁጭ ብለን ሳለ ታናሽዬዋ ልጇ ስልኳን ከፍታ «እማዬ፣ ይሄ የወንድሜ ሸሚዝ አይደለም?» አለቻት። በስክሪኑ ላይ የባሕር ዳር አሸዋ፣ በአሸዋው ላይ የተጋደሙ ሰዎች።

ጎረቤቴ ከበርጩማው ወደቀች። አስተኝተን ግፊቷን ስለካው የላይኛው ከ200 በላይ ነበር። ወደ ሆስፒታል ወሰድናት። አራት ቀን ሙሉ «ያ ረቢ፣ ሬሳውን እንኳን» እያለች አደረች። በአምስተኛው ቀን ልጁ ከኦቦክ ደወለ። ጀልባ ላይ አልወጣም፤ ደላላው ገንዘብ ጨምር ብሎ እዚያው አቁሞት ነበር። በኋላ አንድ የሰፈር ጎረምሳ ሲፈትሽ ደግሞ ያ ቪዲዮ የዚያ ሳምንት እንኳን አልነበረም፤ የሌላ ዓመት፣ የሌላ ጀልባ ነው። «አልሐምዱሊላህ» አለች ጎረቤቴ። ከዚያ ወዲህ ግን በቀን አንድ የነበረው የግፊት ክኒኗ ሁለት ሆኗል።

«እንግዲያው ስልኩን እንዝጋው፣ ወሬ አንስማ» የሚሉ አሉ። ይህን ለወሎ ሰው መንገር አይቻልም። የተደበቀ ወሬ ምን እንደሚያደርግ እናውቃለንና። በ1965 የ11 ዓመት ልጅ ነበርኩ። ከሰሜን በኩል በመንገዱ ዳር ዳር ወደ ደሴ የሚመጣውን የተራበ ሰው በዓይኔ አይቻለሁ፤ ሬዲዮው ግን ስለ ሌላ ሌላው ያወራ ነበር። ጆናታን ዲምብልቢ የተባለው እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ የቀረጸው ፊልም በጥቅምት 1966 በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ሲታይ ነው ዓለም የሰማው። እኛው አገር ውስጥ ያ ፊልም በቴሌቪዥን የታየው መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ ነው፤ በማግሥቱ ንጉሡ ከዙፋን ወረዱ። ለዙፋኑ ደርሶ ይሆናል፤ በየመንገዱ ለወደቁት ግን አልደረሰላቸውም። ወሬው በጊዜው ቢነገር ኖሮ እህል የሚደርስላቸው ስንት ነበሩ?

የተቋረጠ ወሬንም አይተናል። በጥቅምት 2014 መጨረሻ ከተማችን በሕወሓት ኃይሎች ስትያዝ መብራቱም፣ ስልኩም፣ ባንኩም ቆመ። እስከ ኅዳር መጨረሻ ድረስ ደሴ ያለው ኮምቦልቻ ስላለው ዘመዱ አያውቅም፤ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ሩቅ አገር ሆነብን። ሰው ደግሞ ወሬ ሲያጣ ዝም አይልም፣ ይፈጥራል። አዲስ አበባ ያለችው እህቴ «ሞታለች» ተብላ ሦስት ቀን ለቅሶ ተቀምጣልኛለች። እኔ እዚህ ከሰል ላይ ሽሮ እያማሰልኩ ነበር! መስመሩ ተከፍቶ ስደውልላት ድምፄን ሰምታ ስልኩን ወረወረችው። ኋላ ስንስቅ «ለመሆኑ ማን ነገረሽ?» አልኳት። አሰበች፣ አሰበች። ያየ ሰው አልነበረም። የሰማም ሰው አልነበረም። «ሰው ነው ያለኝ» አለች።

«ማን ነገረሽ?» የምትለዋን ጥያቄ ጎረቤቶቻችን አፋሮች ከጥንት ጀምሮ ሥርዓት አድርገው ይዘዋታል። የባቲን ሰኞ ገበያ የሚያውቅ ሰው አይቷቸዋል። ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ እጅ ነሥተው አይተላለፉም፤ ቁጭ ይሉና ዳጉ ይለዋወጣሉ። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ግጦሹ፣ ስለ ሰላሙ፣ ስለ ሕመሙ ይጠያየቃሉ። ያየኸው የትኛው ነው? የሰማኸውስ? የሰማኸው ከማን ነው? ሐሰት ያቀበለ ሰው በጎሳው ፊት ይጠየቃል። ግመሉንና ልጁን ይዞ የሚጓዝ ሰው በተሳሳተ ወሬ ወደ ደረቅ ጉድጓድ ቢሄድ ሞት ነውና። የእኛም ሰው «ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት» ይላል። ኮቪድ አገራችን መግባቱ መጋቢት 4 ቀን 2012 በተነገረ ሰሞን ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ያድናል ተብሎ በየቤቱ ሲቀቀል ሐሳብ የጨመረበት ሰው ጥቂት ነበር።

አያቶች ሆይ፣ ልጆቹን ደግሞ አንርሳ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 ያወጣው መመሪያ ከ2 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ስክሪን ጨርሶ እንዳይሰጥ፣ ከ2 እስከ 4 ዓመት ላሉት ደግሞ በቀን ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጥ ይመክራል። ይህ እንግዲህ ስለ ሰዓቱ ብቻ ነው። እሬሳና ተኩስ የሚያሳየው ስክሪን የአንድ ደቂቃም ቢሆን ይበዛል። በ2014 የአምስት ዓመት ልጅ የነበረ ዛሬ ትልቅ ተማሪ ነው፤ ረሳው ብለን እናስባለን። ነገር ግን ክፉ ዜና በተወራበት ማታ ሆዴን ቆረጠኝ የሚል፣ ትቶት የነበረውን አልጋ ማርጠብ የሚጀምር፣ መብራት አታጥፉ የሚል ልጅ ካያችሁ አትቆጡት። ያ ልጅ አልረሳም። ውሸትም አትንገሩት፤ ልጅ ውሸት ይሸተዋል። የጠየቀውን ያህል ብቻ በአጭሩ መልሱለት፤ ከዚያ «እኔ አጠገብህ ነኝ» በሉት። ያልጠየቀውን አትጨምሩበት።

እኛ ቤት ከዚያ የጀልባ ሰሞን ወዲህ የሠራነውን ሥርዓት ልንገራችሁና ቢያሻችሁ ውሰዱት። ቡና ሲቀርብ ስልክ ሁሉ አንድ ሰፌድ ላይ ይሰበሰባል። አቦል የቤት ነው፤ ማን ደኅና አደረ፣ ማን አሳለው፣ ማን ክኒኑን ዋጠ፣ የማን ደብተር አለቀ። ዜና የሚወራው ቶና ላይ ነው። የሚያወራውም ሰው መጀመሪያ «አየህ ወይስ ሰማህ? ከማን?» ይባላል። መልስ ከሌለው ወሬው ያድራል። የልጅ ልጆቼ መጀመሪያ ሳቁብኝ፤ አሁን ግን እርስ በርሳቸው ሲፋጠጡ ደስ ይላል። ባለፈው ሳምንት እኔኑ የስኳር ዋጋ ላይ «እማማ፣ ያየሽው ነው የሰማሽው?» ብለው አፋጠጡኝ። በረካ ለምርቃት ነው፤ በረካ ላይ ክፉ ወሬ አይነሣም።

ከእራት በኋላ ዜና የለም። ከእራት በኋላ የእጅ ሥራ ነው። እኔ ኪሮሼን እይዛለሁ፣ ትልቋ የልጅ ልጄ የጠረጴዛ ልብስ ጀምራለች፤ ታናሹ ደግሞ ለጓሮው ጎመን ችግኝ የሚሆን የወተት ጣሳ ይበሳል። ይህ ጊዜ ማሳለፊያ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ክር የሚቆጥር ሰው ሐሳቡ አይባዝንም፤ ትንፋሹ ይረጋል፣ እንቅልፉም ይቀርባል።

ግፊት ያለባችሁ ደግሞ ስትለኩ ከቡናው በፊት ይሁን። ቡና ከጠጣችሁ ግማሽ ሰዓት ቆዩ። አምስት ደቂቃ ጀርባችሁን ደግፋችሁ፣ እግራችሁን መሬት አስረግጣችሁ ተቀመጡ፤ እየተለካችሁ አታውሩ። ወሬ ራሱ ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል፤ የሚለካው ሰው ዝም በሉ ቢላችሁ አይክፋችሁ። ዜናው ጥሩ ሲሆን ክኒን መተው፣ ክፉ ሲሆን ደርቦ መዋጥም የለም።

የመጨረሻውና ትልቁ ይህ ነው። ልጆቼን ሁሉ፣ ውጭ አገር ያሉትን ጨምሮ፣ ሰብስቤ አንድ ነገር ተስማምተናል። በቤተሰባችን ውስጥ ሞት በስልክ ጽሑፍ አይነገርም፤ በፌስቡክም ፎቶና ሻማ ቀድሞ አይወጣም። ለእያንዳንዳችን ክፉ ነገር ቢመጣ ቀድሞ የሚነገረው አንድ ሰው አለ፤ ያ ሰው ነው ሌሎችን ይዞ በማለዳ በር የሚያንኳኳው። የሰዎቹ ስም በወረቀት ተጽፎ ቁም ሣጥኑ በር ላይ ተለጥፏል። ልጄ «እማዬ፣ ይሄ ሟርት አይሆንም?» ብላኝ ነበር። ሟርት አይደለም ልጄ። ክትባት የሚሰጠው በሽታው ሳይመጣ ነው።

እናንተም በዚህ ሳምንት ቡና ላይ ተማከሩበት። በቤታችሁ ክፉ ወሬ ቢመጣ በር የሚያንኳኳው ማን ነው? እናታችሁን ግራና ቀኝ የሚይዛትስ?

እስከ ሳምንት ቸር ወሬ ያሰማን።