ልጅዎ የሚጫወተው ጨዋታ ምን ይቆጥራል?



በዚህ ወር የማነሳው ጉዳይ ወላጆች ደጋግመው የሚያቀርቡልኝ ጥያቄ ነው። «ልጄ ኮምፒውተሩ ላይ ተተክሎ ይውላል። አንዴ ከተማ ገነባሁ ይላል፣ አንዴ ጦር አዘመትኩ ይላል፤ ለእኔ ግን ምኑም አይገባኝም። ልከልክለው ወይስ ልተወው?» ይሉኛል። የሚጠይቁኝ አስተማሪ ስለሆንኩ ነው፤ ነገር ግን እነዚህን ጨዋታዎች ከተማሪነቴ ጊዜ ጀምሮ የምጫወት ሰው ነኝና ዛሬ በአብዛኛው የምመልሰው እንደ ተጫዋች ነው። ፈትዋ ከዚህ ገጽ አይጠበቅም፤ እርሱ የዑለሞቻችን ድርሻ ነው። እኔ የማቀርበው ወላጅም ወጣትም በቤቱ ሊጠቀምበት የሚችል አንድ መመዘኛ ነው።

መመዘኛው እንዲህ ነው፦ ጨዋታ ልጅን የሚያስተምረው በሚያሳየው ሥዕል ብቻ አይደለም፤ ይልቁንም በሚቆጥረው ነገር ነው። ልጁ ምን ሲያደርግ ይጨመርለታል? ምን ሲያደርግ ይቀነስበታል? ከነጭራሹ ዋጋ የማይሰጠውስ ምንድን ነው? ይህን ያወቀ ወላጅ አንድም ቀን ሳይጫወት የጨዋታውን ጠባይ ሊረዳ ይችላል። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከሰንጠረዥ እስከ ኮምፒውተር

የስልት ጨዋታ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ከህንድ ተነስቶ በፋርስ በኩል ወደ ዓረቡ ዓለም የገባው ሸጥረንጅ በሀገራችን ሰንጠረዥ ተብሎ ለረጅም ዘመን ሲጫወቱት ኖረዋል። የሀገራችንን ሰንጠረዥ ልዩ የሚያደርገው አጀማመሩ ነው። «ወረራ» በሚባለው በዚህ የመጀመሪያ ምዕራፍ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠባበቁ ጠጠሮቻቸውን ያንቀሳቅሳሉ። የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ወረራው ያበቃና ጨዋታው በተራ በተራ ይሆናል።

የኮምፒውተር ስልት ጨዋታዎችም በእነዚሁ ሁለት መንገዶች ይከፈላሉ። በተራ ከሚሄዱት ዋነኛው ሲድ ማየርና ብሩስ ሼሊ ሠርተውት በ1991 የወጣው ሲቪላይዜሽን ነው። ተጫዋቹ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4000 ዓመት ከተማ ቆርቁሮ ይጀምርና ሕዝቡን እስከ ጠፈር ዘመን ይመራል። እንደ ወረራው ሁሉም ባንድ ጊዜ ከሚንቀሳቀስባቸው መካከል ደግሞ ታዋቂው በ1997 የተጀመረው ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ ነው። ያው ብሩስ ሼሊ በዚህኛውም ሥራ ተሳትፏል። ሁለተኛው ክፍሉ በ1999 ወጣ፤ በ2019 ታድሶ ቀረበ፤ እስከ ዛሬም ይጫወቱታል።

አሥር ሠራተኛ ወይስ አንድ ዘመን?

የእነዚህን ጨዋታዎች ጥቅም በቁጥር ላሳይ። በኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ ሁለተኛ ክፍል ሀብቱ አራት ዓይነት ነው፦ ምግብ፣ እንጨት፣ ወርቅና ድንጋይ። አንድ መንደርተኛ፣ ማለትም አንድ ሠራተኛ ለማውጣት 50 ምግብ ይከፈላል። ከመጀመሪያው ዘመን ወደ ሁለተኛው ለመሸጋገር ደግሞ 500 ምግብ ይጠየቃል። እንግዲህ ልጁ ፊት የተደቀነው ጥያቄ ይህ ነው፦ ያለኝን 500 ምግብ ለሽግግሩ ልክፈለው ወይስ አሥር ሠራተኞች ላውጣበት? ቀድሞ የተሸጋገረ የተሻለ መሣሪያ ያገኛል፤ ነገር ግን እንጨት የሚቆርጥና እርሻ የሚያርስ እጅ ያጥረዋል። የዘገየው ሠራተኛ ይበዛለታል፤ ነገር ግን ጠላት ሊቀድመው ይችላል።

«የአንድ ነገር እውነተኛ ዋጋው እርሱን ስትመርጥ የምትተወው ነገር ነው» የሚለውን የኢኮኖሚክስ ትምህርት ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፎ ለማስረዳት አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ አይበቃም። ይህን ጨዋታ ለሚያውቅ ተማሪ ግን «አሥር ሠራተኛ ወይስ አንድ ዘመን?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል። ማቀድን፣ ከዛሬ ነገን ማየትን፣ ተሸንፎ የተሸነፉበትን ምክንያት መፈለግን ያለማምዳል። ስለዚህ «ጨዋታ ሁሉ ጊዜ ማባከን ነው» ከሚሉ ወገኖች ጋር አልስማማም።

ያልታዘነላቸው

ነገር ግን ሌላ ገጽታም አለው። አንድ ጊዜ በመድረሳ ከማስተምራቸው ልጆች አንዱ እንዴት እንዳሸነፈ በደስታ ይተርክልኝ ነበር።

«ኡስታዝ፣ መንደርተኞቼን ሆን ብዬ ወደ ጠላት ሰደድኳቸው። እሱ እነሱን ሲያሳድድ እኔ በኋላ በኩል ገባሁበት።»

«ጥሩ ስልት ነው። መንደርተኞቹስ?»

«አለቁ።»

«ስንት ነበሩ?»

ትንሽ አሰበና «አልቆጠርኳቸውም ኡስታዝ። ደግሞ ሌላ ማውጣት ይቻላል» አለኝ።

ይህ ልጅ ክፉ ልጅ አይደለም። የነገረኝ ጨዋታው ያስተማረውን ሒሳብ ነው። በዚያ ሒሳብ የአንድ ሰው ሞት የ50 ምግብ ኪሳራ ነው። ሟቹ ስም የለውም፣ እናት የለችውም፣ የሚጠብቀው ቤተሰብ የለውም። በእኛ ሀገር ግን ጦርነት የሩቅ ወሬ አይደለም። ከ2020 እስከ 2022 በሰሜኑ የሀገራችን ክፍል በተደረገው ጦርነት ሰው የሞተባቸው ቤተሰቦች በየሰፈራችን አሉ። ጨዋታው የማይቆጥረውን ለልጁ መቁጠር የወላጅና የመምህር ሥራ ነው። «ስንት ነበሩ?» የሚለው አንዲት ጥያቄ ኮምፒውተሩን ነቅሎ ከመደበቅ የበለጠ ትሠራለች።

እምነትም በዚሁ ሒሳብ ሲገባ ምን እንደሚሆን ልብ በሉ። በዚህ ጨዋታ መነኩሴ የሚባል አለ፤ ከርቀት ቆሞ ያዜማል፤ ጥቂት ሰኮንዶች ቆይቶ የጠላት ወታደር የልብሱ ቀለም ይለወጥና የእርስዎ ወታደር ይሆናል። እምነት መለወጥ ማለት ወገን መለወጥ፣ ሃይማኖትም አንድ ተጨማሪ መሣሪያ ሆኖ ቀረ ማለት ነው። ልጆቻችን ከጎረቤት የሌላ እምነት ተከታዮች ጋር አብረው የሚያድጉ ናቸውና ይህ ነገር ሳይነገራቸው መታለፍ የለበትም።

ታሪክን በተመለከተም እንዲሁ ነው። የኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ ሁለተኛ ክፍል የሰላሁዲን አል-አዩቢን ዘመቻ ይዟል፤ ተራኪውም በሰላሁዲን ሰዎች እጅ የወደቀ አንድ አውሮፓዊ ዘማች ነው። በ2015 በወጣው ማሟያ ኢትዮጵያውያን ከነሾተላቸው ገብተዋል፤ የዮዲትና የጣሪቅ ኢብን ዚያድ ዘመቻዎችም ተጨምረዋል። በ2002 በወጣው የሲቪላይዜሽን ሦስተኛ ክፍል ማሟያ ደግሞ የዓረቦች መሪ ተደርገው በሥዕል የቀረቡት አቡበክር (ረ.ዐ.) ነበሩ፤ በኋላ በወጡት ክፍሎች ሰላሁዲንና ሃሩን አር-ረሺድ ተተክተዋል። ሶሓቦችን በሥዕል ማቅረብ ለእኛ ቀላል ጉዳይ አይደለምና ወላጅ ይህን ማወቁ ተገቢ ነው። ከዚህ ውጪ ግን በጨዋታ ስለ ጣሪቅ የሰማ ልጅ የታሪክ መጽሐፍ ቢሰጠው በደስታ ያነባል። በሩ ተከፍቷል፤ መጽሐፉን ማቀበል የእኛ ፈንታ ነው።

ስም ያለው ወታደር

ሁሉም ጨዋታ ግን የሰውን ሞት አቅልሎ አይመለከትም። በጃፓን በ1990 የተጀመረው ፋየር ኤምብለም ስልትን ከታሪክ ጋር ያጣመረ ነው። እያንዳንዱ ወታደር ስም፣ መልክና የራሱ ታሪክ አለው። በጦር ሜዳ የወደቀ ከእንግዲህ አይመለስም፤ የቀረው ጨዋታ ያለ እርሱ ይቀጥላል። በኋላ በወጡት ክፍሎች የወደቀው የሚመለስበት አማራጭ ተጨምሯል፤ እኔ ግን የማይመለስበትን እመርጣለሁ። መቶ መንደርተኛ ሳያቅማማ የሚሰድ ተጫዋች እዚህ ጨዋታ ላይ አንድ ሰው ወደፊት ለማስጠጋት አምስት ደቂቃ ሲያስብ ታገኙታላችሁ። ልዩነቱን ያመጡት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ ሰውየው ስም አለው፣ ጥፋቱም አይታረምም።

እዚህ ላይ ለወጣቶች አንድ ምክር አለኝ። ብዙዎቻችሁ አንድ ሰው በሞተባችሁ ቁጥር ጨዋታውን ካስቀመጣችሁበት ቦታ መልሳችሁ ትጀምራላችሁ። እስኪ አንዳንዴ አትመልሱት። ኪሳራውን ተሸክማችሁ እስከ መጨረሻው ሂዱ። በሕይወት «ሴቭ» የተደረገ ቦታ የለም፤ ያለው ተውበትና ካሣ ነው።

ዓይነ ስውሯ ነጋዴ

ተጫዋቹ የአንድን ሰው ቦታ ይዞ በልብ ወለድ ዓለም የሚጓዝባቸው ጨዋታዎች ደግሞ አሉ። በብዙዎቹ የሚቆጠረው «ልምድ» ይባላል፤ የሚገኘውም በአብዛኛው በመግደል ነው። በ1996 መጨረሻ የወጣው ዲያብሎ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው፦ ትገድላለህ፣ የወደቀውን ዕቃ ታነሳለህ፣ ትበረታለህ፣ ደግሞ ትገድላለህ።

ከእርሱ አሥራ አንድ ዓመት ቀድሞ፣ በ1985፣ ሪቻርድ ጋሪዮት ኡልቲማ 4 የተባለውን ጨዋታ አወጣ። በዚህ ጨዋታ መጨረሻ ላይ የሚገደል አንድ ታላቅ ጠላት የለም። ዓላማው በስምንት መልካም ጠባዮች፣ በሐቀኝነት፣ በርኅራኄ፣ በጀግንነት፣ በፍትሕ፣ በመስዋዕትነት፣ በክብር፣ በመንፈሳዊነትና በትሕትና መሟላት ነው። በጨዋታው ውስጥ ዕፅዋት የምትሸጥ ዓይነ ስውር ነጋዴ አለች። ዋጋውን ትነግርሃለች፤ ምን ያህል እንደምትከፍል የምትወስነው አንተ ነህ። ብታጎድልባት አታይም፤ በዚያች ሰዓት ምንም የሚደርስብህ ነገር የለም። ጨዋታው ግን በስውር መዝግቦታል፤ ሐቀኝነትህ ይቀንሳል፤ ሳታሟላው ደግሞ ፍጻሜው ላይ አትደርስም።

ሥዕሉ ዛሬ ላሉ ልጆች የሚያስቅ ነው። የሒሳብ አያያዙ ግን ከብዙዎቹ የዛሬ ጨዋታዎች ይበልጣል። ሰው በማያይበት ቦታ የሚደረግ ነገር መዝጋቢ እንዳለው ለልጆቻችን በመድረሳ ቀን ከሌት የምንነግራቸው አይደለምን?

«ነፃ» የሚባለው ጨዋታ

አሁን ደግሞ ልጁን ትተው ኪስን ወደሚቆጥሩት እንለፍ። በ2012 የወጣው ክላሽ ኦቭ ክላንስ በስልክ የሚጫወቱት የስልት ጨዋታ ነው፤ ለማውረድ አይከፈልም። ነገር ግን አንድ ሕንጻ ለማሻሻል ቀናት ማስጠበቅ ይችላል፤ መጠበቁ የሰለቸው በእውነተኛ ገንዘብ ዕንቁ ገዝቶ ያሳጥረዋል። በ2020 የወጣው ጌንሺን ኢምፓክትም ያለ ክፍያ ይጀመራል፤ ተፈላጊዎቹ ገጸ ባሕርያት ግን የሚገኙት በዕጣ ነው፤ ዕጣውንም በገንዘብ መግዛት ይቻላል። በ2018 የቤልጂየም የቁማር ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በአንዳንድ ታዋቂ ጨዋታዎች የሚሸጡትን የዕጣ ሣጥኖች ሕጉ የሚከለክለው ቁማር ናቸው ብሏል። መይሲርን አጥብቆ ለሚያወግዝ ቤተሰብ ከጦርነቱ ሥዕል ይልቅ ይህ ሊያሳስበው ይገባል። ወላጆች ሆይ፣ የባንክና የሞባይል ገንዘብ የምስጢር ቁጥራችሁን ለልጅ አትስጡ።

የሶላት ሰዓትና የጨዋታ ሰዓት

«አዛን ሲል ጠርቼው አልነሳ አለ» የሚል አቤቱታ ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። እዚህ ላይ የጨዋታውን ዓይነት ማወቅ ይጠቅማል። እንደ ሲቪላይዜሽን ያለው በተራ የሚሄድ ጨዋታ በማንኛውም ሰዓት ተቀምጦ ሊቆም ይችላልና ምክንያት የለውም፤ አደጋው «አንድ ተራ ብቻ» እየተባለ ሌሊቱ መንጋቱ ነው። በመስመር ላይ ከሌሎች ጋር የሚደረግ ውድድር ግን መሀል ላይ አይቆምም፤ ከግማሽ ሰዓት በላይም ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ መግሪብ ሊገባ ሩብ ሰዓት ሲቀረው አይጀመርም። ከልጁ ጋር መጨቃጨቅ ያለብን ስለ ማቆሚያው ሰዓት ሳይሆን ስለ መጀመሪያው ሰዓት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅትም ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የበሽታዎች መዘርዝር ውስጥ ከቁጥጥር የወጣ የጨዋታ ልማድን አስገብቶታል። ምልክቶቹ ሦስት ናቸው፦ ራስን መቆጣጠር አለመቻል፣ ጨዋታን ከሌላው ነገር ሁሉ ማስቀደም፣ ጉዳት እያደረሰም አለማቆም። ይህም አብዛኛውን ጊዜ ቢያንስ ለ12 ወራት የታየ ሲሆን ነው። ሁለት ሰዓት የተጫወተ ልጅ ሁሉ ታማሚ አይደለም፤ ትምህርቱን፣ እንቅልፉንና ቤተሰቡን የተወ ግን እርዳታ ያስፈልገዋል።

እንግዲህ ውድ ወላጆች፣ «ልከልክለው ወይስ ልተወው?» ከማለታችሁ በፊት ከልጃችሁ አጠገብ አንድ ሰዓት ተቀመጡና ሦስት ነገር ጠይቁት፦ ይህ ጨዋታ ምን ስታደርግ ይጨምርልሃል? ስታጠፋ ምን ይደርስብሃል? ማለቂያውስ የት ነው? መልሱ ገንቢ ከሆነ ሰዓቱን ወስናችሁ ፍቀዱለት። መልሱ «መግደል፣ ምንም፣ ማለቂያ የለውም» ከሆነ የተሻለ አማራጭ አብራችሁ ፈልጉ። ልጁ ማስረዳት ሲጀምር ምን ያህል እንደሚደሰት ታያላችሁ። ከእናትና ከአባቱ ጋር ማውራት የለመደ ልጅ ስለ ጨዋታው ብቻ አውርቶ አይቀርም።

ለወር ያድርሰን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።